የውሻ ጩኸትና የጎረቤት ዕንቅልፍ

በአንድ አጥር ተለይተው የሚኖሩ ቤተ ሰቦች ብዙ ነገር ይጋራሉ። ወንፊትና ሙቀጫ ይዋዋሳሉ፤ ቡና ይጠራራሉ፤ በሐዘን ቀን በአንድ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በደስታም ቀን አንዱ የሌላውን እንግዳ ያስተናግዳል። ይህ ሁሉ በፈቃድ የሚደረግ ስለ ሆነ ያልፈለገ ሰው ሊተወው ይችላል። ሳይጠየቅና ሳይፈቅድ ሰው ሁሉ ከጎረቤቱ የሚካፈለው ነገር ቢኖር ግን ድምፅ ነው። ወንፊቱን ለማዋስ የማይወድ ሰው «ትናንት ሰው ወስዶታል» ብሎ ሊያመካኝ ይችል ይሆናል፤ ድምፅን ግን አጥርም ሆነ ምክንያት አያግደውምና በአንዱ ግቢ የተነሣው በሌላው መኝታ ቤት ያድራል።

በአዲስ አበባ ከተማችን የሚሰማው የድምፅ ዐይነት ብዙ ነው። የእህል ወፍጮው፣ የብረታ ብረት ሥራ ቤቱ፣ የመጠጥ ቤቱ ሙዚቃ፣ የመኪናው ጡሩምባ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ የሚነሣው የጄኔሬተር ጩኸት፣ እያንዳንዱ ሰዓቱንና ሠፈሩን ይዞ ይሰማል። ከእነዚህ መካከል የውሻ ጩኸት በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ የወፍጮ ቤቱን ባለቤት «ዝጋ» ቢሉት ሊዘጋ፣ የመጠጥ ቤቱንም «ቀንስ» ቢሉት ሊቀንስ ይችላል፤ ውሻን ግን በአጥር ላይ ሆነው «ዝም በል» ቢሉት የባሰውን ይጮኻል። ሁለተኛ፣ የውሻው ባለቤት ራሱ ድምፁን እንደ ግድግዳ ሰዓቱ ስለ ለመደው በአብዛኛው አይሰማውም። ስለዚህ ጎረቤቱ ሲያማርር በእውነት ይደነቃል፤ «የእኔ ውሻ? ሌሊቱን ሙሉ ዝም ብሎ ነው ያደረው» ይላል። ይህን ሲል ዋሽቶ አይደለም፤ ተኝቶ ስለ ነበር ነው።

ሆኖም በውሻው ላይ ከመፍረዳችን በፊት ሥራው ምን እንደ ሆነ ማስታወስ ተገቢ ነው። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉት ለነቀፋ ብቻ አይደለም፤ ታማኝነቱንም ሲመሰክሩለት ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ጅብ በዙሪያዋ ነበረ፤ ዛሬም ቢሆን ሌሊት ከእንጦጦና ከጉለሌ ተረተር ተነሥቶ የወንዙን ዳር ተከትሎ ወደ ሠፈር ይወርዳል። ይህን የሚነግረን ውሻ ነው። የሰው ጆሮ የሚሰማው በአንድ ሴኮንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ሲሆን፣ የውሻ ጆሮ እስከ 45,000 ያለውን ይሰማል። ስለዚህ እኛ «በከንቱ ጮኸ» የምንለው ውሻ ብዙ ጊዜ የጮኸው እኛ ያልሰማነውን ሰምቶ ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው። የውሻ ጩኸት ለአንዱ ቤት ጥበቃ፣ ለሌላው ቤት ሁከት ነው። ሁለቱም ትክክለኛ ምክንያት ይዘው ሲቆሙ ነገሩን መዳኘት ከሌባና ከተሰረቀ ሰው ክርክር ይልቅ ያስቸግራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሠፈራችን የተነሣውን አንድ ጉዳይ የምንተርከውም ለዚህ ሲባል ነው።

በሠፈራችን ዕድሜያቸው ወደ 70 የሚጠጋ አንዲት ባልቴት አሉ። ልጆቻቸው በውጭ አገር ስለሚኖሩ ቤታቸው ውስጥ ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ ሌሊት ሌቦች በቆርቆሮው አጥር ዘለው ገብተው የጋዝ ሲሊንደራቸውንና ከልጃቸው የተላከላቸውን ቴሌቪዥን ወሰዱባቸው፤ ከዕቃው ይልቅ ግን ዕንቅልፋቸውን ነበር የወሰዱት። ከዚያ በኋላ የወንድማቸው ልጅ አንድ ቡናማ ውሻ አምጥቶ በበሩ አጠገብ አሰረላቸው፤ ስሙንም ጃክ አሉት። ጃክ ከመጣ ወዲህ ባልቴቲቱ እንደ ቀድሞው መተኛት ጀመሩ።

ከአጥራቸው ባሻገር ደግሞ የሦስት ልጆች አባት የሆነ የአውቶቡስ ሾፌር ይኖራል። ሌሊት በ10 ሰዓት ተነሥቶ ወደ ሥራው ስለሚሄድ ማታ በ3 ሰዓት መተኛት አለበት። የመኝታ ቤቱ መስኮት ጃክ ከታሰረበት ቦታ ከስምንት እርምጃ አይበልጥም። ጎረቤታችን መጀመሪያ ታገሠ፤ ቀጥሎ ጆሮውን በጥጥ ደፈነ፤ ከዚያም ወደ ባልቴቲቱ ሄዶ በአክብሮት ነገራቸው።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ውሻዎ ዕንቅልፍ ነሣኝ» አላቸው።

«ልጄ፣ እኔ እኮ በእሱ ጩኸት ነው የምተኛው፤ ዝም ያለ ሌሊት ነው የሚያስፈራኝ» ብለው መለሱለት።

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ነገር ግን እውነቱ ለሁለት ስለ ተከፈለ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጧት ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። የሾፌሩ ባለቤት ወደ ባልቴቲቱ ቡና መሄድ ተወች። ልጆቹም በዚያ በኩል ሲያልፉ ቆርቆሮውን በድንጋይ መምታት ጀመሩ፤ ጃክም ይህን እየቆጠረ ቀን ጭምር ይጮኽ ጀመር።

አንድ ቀን ማታ ሾፌሩ ወደ ቤታችን መጣና ያን ዕለት ጧት የደረሰበትን ነገረን። ተሳፋሪ ሞልቶ ሲሄድ በቀይ መብራት ቆሞ ሳለ ዐይኑ ተከደነ፤ የነቃውም ከኋላው ባለው መኪና ጡሩምባ ነበር። «ቆሜ ባይሆን ኖሮስ?» አለን። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለዚህ ውሻ አንድ ቍራሽ ሥጋ ይበቃዋል» አለ። ምን ማለቱ እንደ ሆነ ገባን።

የተመረዘ ሥጋ በከተማችን አዲስ ነገር አይደለም፤ ብዙ ሰው ለጎረቤት ጠብ ማብቂያ አድርጎ ያስበዋል። ነገር ግን ከአጥር በላይ የተወረወረ መርዝ ማን እንደሚያነሣው ወርዋሪው አያውቅም፤ ድመት ሊበላው፣ አሞራ ሊያነሣው፣ ከሁሉ የከፋውም በግቢ የሚጫወት ሕፃን ሊነካው ይችላል። የሌላውን ሰው ንብረት ሆን ብሎ ማጥፋትም በሕግ የሚያስጠይቅ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ጃክ በዚያ መንገድ ቢሞት ኖሮ ባልቴቲቱ ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ባያረጋግጡም ማወቃቸው አይቀርም ነበር፤ በዚያ አጥር ግራና ቀኝም ሰላምታ ተመልሶ አይገባም ነበር። ስለዚህ ሾፌሩን ሦስት ቀን እንዲታገሠን ለምነን፣ የዕድራችንን ዳኛና አንድ ሌላ አዛውንት ይዘን ወደ ባልቴቲቱ ቤት ሄድን።

የዕድሩ ዳኛ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ናቸው። ባልቴቲቱ የሌቦቹን ታሪክ እስኪጨርሱ ከሰሙ በኋላ «ከመፍረዳችን በፊት እኛም የሰማነውን እንድናውቅ፣ ዛሬ ማታ ውሻው ሲጮኽ እናዳምጥ» አሉ። ነገሩ ለጊዜው አስቆን ነበር። ሆኖም ጋቢያችንን ተከናንበን በባልቴቲቱ በረንዳ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ ተቀመጥን፤ ውሻው በጮኸ ቍጥርም ሰዓቱንና የዞረበትን አቅጣጫ በወረቀት ላይ ጻፍን።

ጃክ በዚያ ሌሊት 14 ጊዜ ተነሥቶ ጮኸ። ከእነዚህ ውስጥ 11ዱ ወደ አንድ አቅጣጫ ነበሩ፤ እሱም የመንገዱ ማእዘን ነው። በዚያ ማእዘን ላይ አንድ ትንሽ ምግብ ቤት ሥራውን ሲዘጋ አጥንትና ፍርፋሪውን በፌስታል ይጥላል። ባለቤት የሌላቸው ውሾች ከ4 ሰዓት በኋላ እየመጡ በዚያ አጥንት ላይ ይጣላሉ። ጃክ የታሰረው ደግሞ በትክክል በዚያ ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮው በር አጠገብ፣ በአጭር ሰንሰለት ነበር። ሊደርስባቸው ስለማይችል ይጮኻል፤ ሲዘልም ቆርቆሮውን ይመታዋል፤ ሾፌሩን ከዕንቅልፉ ይቀሰቅሰው የነበረው ከጩኸቱ ያላነሰ የቆርቆሮው ነጋሪት ነበር። ቀን ሙሉ ደግሞ ያው ውሻ ታስሮ ተኝቶ ስለሚውል ሌሊቱን የሚያሳልፍበት ዕንቅልፍ አይተርፈውም።

ስለዚህ የሁለቱን ጎረቤታሞች ጠብ ያመጣው ሦስተኛ ቤት ሆኖ ተገኘ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባላል፤ በእኛ ሠፈር ግን ቀዳዳውን የከፈተው ሰው፣ የተወቀሰው ውሻ ነበር።

በማግሥቱ ሁሉንም ባንድ ላይ ጠርተን የሚከተለውን ተስማማን። የምግብ ቤቱ ባለቤት አጥንቱን ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ አድርጎ የቆሻሻ ሰብሳቢዎች ማኅበር ጧት እስኪመጣ በውስጥ ያሳድረዋል። የጃክ ቤት ከበሩ ተነሥቶ በዋናው ቤትና በማድ ቤቱ መካከል ይደረጋል፤ ከዚያ ሆኖ በሩን ያያል፣ መንገዱን ግን አያይም። ሲመሽ በሩ ይቆለፍና ውሻው ተፈትቶ በግቢው ውስጥ ይዘዋወራል። ባልቴቲቱ መራመድ ስለሚያደክማቸው የሾፌሩ የበኵር ልጅ በየቀኑ ወደ 11 ሰዓት ግድም ከትምህርት ቤት ሲመለስ ውሻውን በገመድ ይዞ ያንሸራሽረዋል። ክትባቱን በየዓመቱ ማስከተብ የወንድማቸው ልጅ ኃላፊነት ይሆናል። የመጨረሻውም፣ ሾፌሩ ጩኸት ሲበዛበት በአጥር ላይ ሆኖ ከመጮኽ ይልቅ ለባልቴቲቱ በስልክ ይደውልላቸዋል።

ይህ ስምምነት በአንድ ቀን ሁሉን አላቃናም። የምግብ ቤቱ ሰው ሁለት ጊዜ ቃሉን ስለ ረሳ ሁለት ጊዜ ተመልሰን ሄደናል። ልጁም በመጀመሪያው ሳምንት ውሻውን ፈርቶት ነበር፤ ኋላ ግን ባልቴቲቱ ዳቦ ቆርሰው ለልጁ፣ የተረፈውን ለውሻው እየሰጡ አላመዷቸው። ከአንድ ወር በኋላ ሾፌሩን ስንጠይቀው እንዲህ አለን፦ «አሁን የሚጮኸው ጅብ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ እኔም እነቃለሁ፤ ግን ለምን እንደሚጮኽ ስለማውቅ ተመልሼ እተኛለሁ።» ይህ ቃል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሰውን የሚያሳብደው የድምፁ ብርታት ብቻ ሳይሆን ከንቱ መሆኑና ማብቂያ የሌለው መምሰሉ ነውና።

ስለ ድምፅ ብርታት ካነሣን፣ መለኪያው ዴሲቤል እንደሚባል አንባቢያን ያውቃሉ። ይህ መለኪያ እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር በቀጥታ የሚደመር አይደለም፤ 10 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር የድምፁ ኃይል 10 እጥፍ ይሆናል፣ ለጆሯችንም ወደ እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ይሰማል። በአንጻሩም ገላጣ በሆነ ቦታ ከድምፁ መነሻ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ሰው በደኅና እንዲተኛ በመኝታ ቤት ውስጥ ያለው የማያቋርጥ ድምፅ ከ30፣ ድንገት የሚነሣውም ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። በቅርብ የሚጮኽ ውሻ ከ80 በላይ መድረሱን ስናስብ፣ የጃክን ቤት ወደ ጓሮ ማራቅና በመካከል የቤቱን ግድግዳ ማቆም ለምን እንደ ጠቀመ ይገባናል። ብልሃቱ የሽማግሌ ቢሆንም ምክንያቱ የሂሳብ ነው።

ነገሩ በሽምግልና ባያልቅስ ኖሮ ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 1225 ላይ አንድ ባለሀብት በሀብቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳያስቸግር ያዝዛል። ጢስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ድምፅንና ንዝረትን በስም ጠርቶ፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ እንዳያልፉ ይከለክላል። የአገሩ ልማድና የቦታው አቀማመጥ እንዲታሰብም አክሏል። ይህን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሊቅ ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ የሕጉን መለኪያ በ«መልካም ጉርብትና» ላይ መመሥረታቸው የሚደነቅ ነው፤ ዳኛው በወረቀት ላይ ከተጻፈ ቍጥር ይልቅ አንድ መልካም ጎረቤት ምን ሊታገሥ እንደሚችል እንዲመረምር ያስገድደዋልና። በዚሁ ሕግ አንቀጽ 2071 ደግሞ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ አምልጦት ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው። ከዚህም ሌላ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በደንብ መተላለፍ ክፍሉ የሰውን ሥራና ዕረፍት በሁከት የሚያውከውን ያስቀጣል።

ቍጥር ለሚፈልግም ቍጥር አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 ድምፅንም እንደ ጢስና እንደ ፍሳሽ ልክ እንዲወጣለት ደንግጓል። በዚያው ዘመን የወጣው የድምፅ ልክ በመኖሪያ ሠፈር ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት 55 ዴሲቤል፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 45 ዴሲቤል ነው። በንግድ ሠፈር 65ና 55፣ በፋብሪካ ሠፈር 75ና 70 ነው። እዚህ ላይ የሚታየው ልዩነት የሚያስተምረን አለ፤ ቀን የሚፈቀደው ድምፅ ማታ አይፈቀድም፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ የሰው ሁሉ የጋራ ሀብት ነው ማለት ነው።

በጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩ አንባቢያን ደግሞ ነገሩ ይብስባቸዋል። በዚያ አጥር የለም፤ የአንዱ ወለል የሌላው ጣሪያ ነው። በ4ኛው ፎቅ በረንዳ ላይ የታሰረ ውሻ በ3ኛውና በ5ኛው ፎቅ እኩል ይሰማል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቍጥር 370 ባለቤቶቹ ማኅበር አቋቁመው የመተዳደሪያ ደንብ እንዲኖራቸው ስለሚያዝዝ፣ የውሻ፣ የሙዚቃና የምሽት ሥራ ጉዳይ በዚያ ደንብ ውስጥ በግልጽ እንዲጻፍ ማድረግ ይገባል። ደንቡ የሚጻፈው ግን ጠብ ከመነሣቱ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም። ጠብ ከተነሣ በኋላ የሚወጣ ደንብ፣ ቃሉ ምንም ያህል ቀና ቢሆን፣ የአንዱ ወገን በትር ሆኖ ይታያል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለሁለቱም ወገን የምንለው ጥቂት ነው። በጩኸት የተቸገረ ሰው አቤቱታውን ሌሊት በቍጣ ሳይሆን ቀን በእርጋታ ያቅርብ፤ በደብዳቤ ወይም በሰው ሳይሆን ራሱ ሄዶ ይናገር፤ ውሻው የሚጮኽበትንም ሰዓት ለጥቂት ቀን ጽፎ ይያዝ። «ሁልጊዜ ይጮኻል» የሚለው ቃል ባለቤቱን ያስቆጣዋል፤ «ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ይጮኻል» የሚለው ግን ያሳስበዋል። ባይሰማው ሽማግሌ ይላክ፤ ያም ባይሆን ወረዳውና ደንብ አስከባሪው፣ በመጨረሻም ፍርድ ቤቱ አለ። መርዝ ግን ከእነዚህ በአንዱም ደረጃ ላይ የለም።

ውሻ ያለው ሰው ደግሞ ውሻውን ማብላትና ማስከተብ ብቻውን በቂ እንዳይመስለው። በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻ ቤት አይጠብቅም፤ ስቃዩን ነው የሚጮኸው። ውሻው የት እንደ ታሰረ፣ ወዴት ዞሮ እንደሚጮኽ፣ ምን እንደሚያይ አንድ ማታ ቁጭ ብሎ ይመልከት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ውሻውን የሚሰማው እሱ ሳይሆን ጎረቤቱ መሆኑን አይርሳ።

ለዚህም የሚሆን ጥያቄ ቋንቋችን ከጥንት ጀምሮ አዘጋጅቶልናል። ጧት በአጥር በኩል «እንደምን አደሩ?» እንባባላለን፤ መልሱንም ሳንሰማ «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለን እናልፋለን። የውሻ ባለቤት የሆነ ሰው ግን ይህን ቃል ለሰላምታ ብቻ ሳይሆን በእውነት ጠይቆ መልሱን እስኪሰማ ጥቂት ቢቆም መልካም ነው።